ሰባት ሰዓት ብቻ

«ስንት ቀረ?» አለች እናቷ፣ ዐይኗን ከተዘጋው በር ላይ ሳታነሳ።

«አራት ደቂቃ። አራት ብቻ፣ እማ።»

«ቅድምም አራት ነው ያልሽኝ!»

«ቅድም አምስት ነው ያልኩሽ። በይ ተንፍሺ።»

የስፌት ቤቱ በር ተዘግቷል። ይህን ለሰፈሩ ሰው ብትነግሩት «ሂዱ ወዲያ!» ነው የሚላችሁ። ያ በር በዝናብም በነፋስም ወለል ብሎ ተከፍቶ ነው የሚውለው፤ ነፋስ እንዳይመልሰው አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ ተደግፎበታል። ደንበኞች ብርዱ አንዘፍዝፏቸው ሲያማርሩ እናትየው «ታዲያ ካፖርት ልስፋላችሁ?» ብላ ትቀልዳለች እንጂ በሩን ንክች አታደርገውም። የዛሬው እሑድ ግን ሌላ ነው። ካውያው ጥጉን ይዟል፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ እናትም በሁለቱ የስፌት መኪናዎች መሃል በርጩማ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ተቀምጣለች። አሁን ዘጠኝ ሊሞላ ነው።

አጠገቧ ግድግዳ ተደግፋ ደቂቃ የምትቆጥረው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ናት። ስም አላት፤ ግን ማንም አይጠራትም፣ «ቁጥሬ» ነው የሚሏት። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ በቆርቆሮ የተሞላ አዝራር ስትቆጥር ነው ያደገችው። ዛሬም ደረጃ ሳትቆጥር አትወጣም፤ ሂሳብ ማለት ለእሷ ጨዋታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው የተዘጋ ነገር ያስፈራታል። ገና የስፌት ተለማማጅ ሳለች ለደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ ሄዳ ሊፍት ተበላሽቶባት አራት ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ተዘግቶባት ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ ስድስተኛ ፎቅም ይሁን ዘጠነኛ በእግሯ ነው የምትወጣው። አውቶቡስ ጥቅጥቅ ካለ ወርዳ መንገዱን ትያያዘዋለች። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አውሮፕላን ተሳፈሪ ያሏት!

የምትሄደው ወደ ታላቅ እህቷ ዘንድ ነው። እሷ «እታለም» ነው የምትላት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት፣ ፀጉሯን የጎነጎነችላት፣ መርፌ አያያዝ ያስተማረቻት እታለም ናት። አሁን የምትኖረው ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ የፊታችን ዓርብ ደግሞ ልቧን ቀዶ ሕክምና ልትደረግ ነው። «አንቺን አጠገቤ ሳላይ እዚያ ክፍል አልገባም፤ ዶክተሩ ከፈለገ ይቆጣ!» ብላለች በስልክ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ቀጠሮዋን አስተላልፋለች፣ ዶክተሩም ከዚህ በላይ መቆየቱ አደጋ እንዳለው ነግሯታል።

የትኬቱ ፎቶ በእናቷ ስልክ የመጣ ዕለት ያነበበችው ቁጥሬ ናት። ፎቶውን የላከው የአክስቷ ልጅ ከታች በኩል ቆርጦታል፤ የሚታየው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብቻ ነበር። መነሻ 10:30። መድረሻ 17:30። ቁጥሬ እንኳን ይቺን፣ ከዚህ የከበደውንም በቃሏ ነው የምትቀንሰው።

«ሰባት ሰዓት ብቻ ነው፣ እማ!»

እናቷ መቀሱን አስቀምጣ አሰበች። እሷ ሰዓት የምትለካው በሥራ ነው። «ሰባት ሰዓት ማለት…» አለች፣ «ሁለት የተማሪ ዩኒፎርም ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ ተኩሶ መስቀል ማለት ነው። ሰባት ከሆነ እንደምንም እችለዋለሁ። ከዚያ ቢያልፍ ግን ተይኝ፣ ነፍሴ ትወጣለች።»

ልምምዱ የተጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ በሩን ለግማሽ ሰዓት ዘጉት፤ እናት በላብ ተጠምቃ ወጣች። ከዚያ አንድ ሰዓት። ከዚያ ሁለት ተኩል። ቁጥሬ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እየመጣች አብራት ትዘጋለች፤ ደቂቃ ትቆጥርላታለች፣ ውሃ ታቀብላታለች፣ የክፍሏን ልጆች እየቀዳች ታስቃታለች። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነበር።

«ሞላ!» ብላ ጮኸች ቁጥሬ። «ሰባት ሰዓት ሞላ!»

እናት ተስፈንጥራ መቀርቀሪያውን አነሳችና በሩን በረገደችው። ደጅ ላይ ቆማ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ ልጇን እቅፍ አደረገቻት፤ ላቧ የልጅቷን ጉንጭ አረጠበው።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም። «በይ አሁን እታለምን አያታለሁ። አያታለሁ በቃ!»

ቁጥሬ የዚያን ዕለት በደስታ ምድርን የረገጠች አልመሰላትም።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጂኦግራፊ ነበር። መምህሩ ሉሉን ታቅፎ ገባና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«የዛሬው ሥራ ይሄ ነው» አለ። «በየቡድናችሁ ሁለት ሩቅ ለሩቅ የሆኑ አውሮፕላን ማረፊያዎች ትመርጣላችሁ። በመካከላቸው ስንት ኪሎ ሜትር አለ? አውሮፕላን በስንት ሰዓት ይደርሳል? አስሉና ንገሩኝ። የምድር ዙሪያ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ስምንት መቶ ስድሳ ይሄዳል እንበል።»

የመጀመሪያው ቡድን ማስመሪያ ይዞ ወጣ። ማስመሪያ ደግሞ ሉል ላይ አይተኛም፤ አንዱን ጫፍ ሲይዙት ሌላው ይነሳል። ክፍሉ መሳቅ ሲጀምር ቁጥሬ ቦርሳዋን ከፍታ የእናቷን ትርፍ ሜትር አወጣች፤ ያን ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ለስላሳ ሜትር።

«ጎሽ!» አለ መምህሩ። «ይሄ ነው መላ ማለት! ነይ ውጪ።»

ከእሷ ጋር የወጣችው የልብ ጓደኛዋ ናት። እሷንም በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማትዘጋ «ሬዲዮ» ነው የምትባለው። ሬዲዮ የሜትሩን ጫፍ ያዘች፣ ቁጥሬ ሉሉን ዞረችው። ዙሪያው ዘጠና አራት ሴንቲ ሆነ። ስለዚህ አንዷ ሴንቲ አራት መቶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

«የትኛውን መረጣችሁ?» አላቸው መምህሩ።

«የእናቴን መንገድ» አለች ቁጥሬ ኮራ ብላ። አንዱን ጣቷን በእነሱ ከተማ፣ ሌላውን በአክስቷ ከተማ ላይ አሳረፈች። ሜትሩን ስትስበው ካርታ ላይ እንደምታውቀው ዝም ብሎ ወደ ጎን አልሄደም፤ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ የበረዶውን አገር ጫፍ ነክቶ ተመልሶ ወረደ። ሠላሳ ሴንቲ ተኩል። ጠመኔ አንስታ አባዛችው፤ አሥራ ሦስት ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ኪሎ ሜትር ሆነ። ለስምንት መቶ ስድሳ አካፈለችው።

አሥራ አምስት።

ደግማ አካፈለችው። አሁንም አሥራ አምስት።

«ቲቸር፣ የሆነ ስህተት አለ» አለች። «መልሱ ሰባት መሆን አለበት።»

«ለምን?»

«ትኬቱ ላይ አለ እኮ። እናቴ ረቡዕ 10:30 ተነስታ 17:30 ትደርሳለች።»

መምህሩ ፈገግ አለ። «አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በሰባት ሰዓት? እናትሽ የምትሄደው በአውሮፕላን ነው ወይስ በሮኬት?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቁጥሬ አልሳቀችም።

«አየሽ» አለ መምህሩ ሳቁ በረድ ሲል፣ «መነሻው የተጻፈው በእኛ ሰዓት ነው፣ መድረሻው በእነሱ። እዚያ ገና ሲመሻሽ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በስምንት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ሰባትሽ ላይ ስምንት ጨምሪ።»

ሰባትና ስምንት። አንደኛ ክፍል የሚጠየቅ ድምር ነው። ቁጥሬ ግን ሰሌዳው ፊት ክው ብላ ቀረች። ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አላት መምህሩ።

«ኧረ ምንም፣ ቲቸር።»

በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ጓደኛሞች ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቁጥሬ የልምምዱን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ሬዲዮ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጥ ሰማች፤ ይህ ራሱ ያልተለመደ ነው።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ።»

«እንዳትነግሪያት!» አለች ሬዲዮ ቆፍጠን ብላ። «አንዴ አውሮፕላኑ ከተነሳ ማን ያወርዳታል? ትደርሳለች በቃ። ስትመለስ ‹ይቅርታ እማ፣ ተሳስቼ ነው› ትያታለሽ። ደግሞ እውነትሽን ነው፣ ተሳስተሽ ነው።»

«ትላንት ተሳስቼ ነበር። ዛሬ እኮ አውቄዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ! ብትነግሪያት ትቀራለች። እሷ ከቀረች አክስትሽ ኦፕራሲዮን አትደረግም። አክስትሽ አንድ ነገር ብትሆንስ? ያኔ ‹እውነቱን ተናግሬያለሁ› ብለሽ ልትጽናኚ ነው?»

ጓደኛዋ የተናገረችው ከንቱ ወሬ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለላት! ግን አልነበረም። ደወሉ ሲደወል ሁለቱም ወደ ክፍላቸው ገቡ። ቀኑን ሙሉ በዐይኗ የሚመጣባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ መቀመጫው ላይ ሆና ሰባተኛው ሰዓት ሲሞላ፣ በሩ ይከፈታል ብላ ስትነሳ፣ በሩም ሳይከፈት ሲቀር።

ቤት ስትደርስ እናቷ አንዲት ደንበኛ እየለካች ስለ ልጇ እያወራች ነበር።

«ይቺውልሽ መጣች!» አለች። «እሷ ናት ጉዱን ያቀለለችልኝ። ደቂቃ በደቂቃ እየቆጠረች እንደ ሕፃን አስተማረችኝ። ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም።»

«ተባረኪ የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው ልጅ ማለት!» አለች ደንበኛዋ። ቁጥሬ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ቦርሳዋን ለማስቀመጥ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ሴትየዋ እስክትሄድ አልወጣችም።

ስትወጣ እናቷ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ነጭ ካርቶን አስቀምጣ ትጠብቃታለች። የሸሚዝ አንገትጌ የሚደገፍባት ካርቶን ናት፤ በኪስ ልክ ተቆርጣለች።

«አንድ ነገር አሰብኩ» አለች እናት። «ሰባት ሣጥን ሳዪልኝ እዚህ ላይ። አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አንዷን እሰርዛለሁ። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ እንደምትቆጥሪልኝ ይሆንልኛል።»

ቁጥሬ እርሳስ አነሳች። የመጀመሪያዋን ሣጥን ሳለች፣ ቁጥር አንድ ጻፈችባት። ሁለት። ሦስት። እናቷ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች፤ እያንዳንዷ ሣጥን ስታልቅ «እሺ፣ እሺ» ትላለች። አምስት። ስድስት። ሰባት።

እርሳሱ አልቆመም። ስምንተኛዋን ሣጥን ሳለ።

«ቁጥሬ፣ ሞላ እኮ። ሰባት ነው።»

ዘጠኝ። አሥር። የልጅቷ እንባ ካርቶኑ ላይ ጠብ አለና አሥረኛዋን ሣጥን አጨማለቃት። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

አሥራ ሦስት። አሥራ አራት። አሥራ አምስት። እዚያ ላይ ስትደርስ እርሳሱን አስቀመጠችው።

«አሥራ አምስት ሰዓት ነው፣ እማ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሰዓታቸው ከእኛ ይለያል፣ ዝም ብዬ ቀነስኩት። ዛሬ ነው ያወቅሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ… አሥራ አምስት ነው።»

እናቷ ካርቶኗን አየቻት። ሣጥኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወጥታ ሄደች። ቁጥሬ በተከፈተው በር በኩል ታያታለች። ከመንገዱ ማዶ ግንብ ተደግፋ ቆመች። አንዲት ጎረቤት ሰላም ስትላት እንኳ አልመለሰችላትም።

አበቃ፣ አለች ቁጥሬ በልቧ። አትሄድም። አክስቴም አትገባም። ሁሉም በእኔ ጦስ።

ብዙ ቆይታ ገባች እናቷ። በርጩማውን ስባ ከልጇ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለቻት። «ዝም ማለት ትችዪ ነበር እኮ።»

«ሰባቱ አልቆ በሩ ሳይከፈት ሲቀር…» አለች ቁጥሬ እየተንሰቀሰቀች፣ «እኔ አጠገብሽ የለሁም። ብቻሽን ነው የምትሆኚው።»

እናት የልጇን እጅ ያዘች።

«የሊፍቱን ነገር በደንብ ነግሬሽ አላውቅም» አለች። «ሁሉም የሚመስለው ጨለማው ነው ያስፈራኝ። ጨለማው አልነበረም። ከውጭ አንድ ጥበቃ ነበር፣ ደግ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ‹አሁን ይከፈታል፣ አይዞሽ› ይለኛል። እኔም ተነስቼ በሩ ጋ እቆማለሁ። አይከፈትም። ትንሽ ቆይቶ ‹አሁን፣ አሁን!› ይለኛል። አሁንም እነሳለሁ። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲያስነሳኝ ሲያስቀምጠኝ! የገደለኝ ያ ‹አሁን› ነው፣ ቁጥሬ። አራት ሰዓት እንደሚፈጅ ቁርጡን ቢነግረኝ ኖሮ ቀሚሱን አንጥፌ ተኝቼ እጠብቅ ነበር።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«ሰባት ብዬ ገብቼ እላይ ላይ ብቆጥር ኖሮ… ኧረ አያድርገው! እሰይ ነገርሽኝ። እሰይ የኔ ልጅ። አሁን ቁርጤን አወቅሁ።»

«ትሄጃለሽ?» አለች ቁጥሬ፣ ጆሮዋን ማመን አቅቷት።

እናት ጎንበስ ብላ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ከረጢት ጎተተች። ውስጡ ለራሷ ብላ ያስቀመጠችው ወፍራም የሱፍ ክር አለ፣ ቀለሙ የበሰለ ወይን የሚመስል። ከከረጢቱ ኪስ ከእንጨት የተሠራ ኪሮሽ አወጣች። ካርቶኗን ወደ ራሷ ሳበችና ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ማስላት ጀመረች፤ ልብስ ልትቆርጥ ስትል እንደምታደርገው።

«እታለም ደረቷን ኦፕራሲዮን ከተደረገች በኋላ በራሷ በኩል የሚጠለቅ ልብስ መልበስ አትችልም፣ እጇን ወደ ላይ ማንሳት ያማታል። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚከፈት ሹራብ ነው የሚያስፈልጋት። እጅጌ አይኑረው። ጻፊ! ጀርባው አምስት ሰዓት።»

ቁጥሬ ከአንድ እስከ አምስት ባሉት ሣጥኖች ውስጥ «ጀርባ» ብላ ጻፈች።

«የቀኝ ደረት ሦስት። የግራ ደረት ሦስት። ጎንና ትከሻውን ማጋጠም ሁለት። ስንት ሆነ?»

«አሥራ ሦስት።»

«አንገትጌ ሁለት። አለቀ!» አለች እናት። «አሥራ አምስት ሰዓት ማለት አንድ ሹራብ ነው። መጀመሪያውኑ እንዲህ አትዪኝም ነበር?»

«ሉል ላይ ስለካው ሜትሩ እኮ በበረዶ አገር በኩል ነው ያለፈው» አለች ቁጥሬ፣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ እየመጣባት። «ሳትጨርሺው ራስሽ ትለብሺዋለሽ።»

«በይ ነገረኛ! ይልቅ ተነሺና በሩን ዝጊው እስቲ። ካውያውን አንሺው።»

በሩ ተዘጋ። እናት ክሩን በጣቷ ጠምጥማ ጀመረች። ቁጥሬ የቤት ሥራዋን ከፈተች። ለብዙ ጊዜ የሚሰማው የኪሮሹና የሰዓቱ ድምፅ ብቻ ነበር። እናት አንድ ጊዜ እንኳ «ስንት ቀረ?» አላለችም። ቀና ስትል በሩ ከተዘጋ አንድ ሰዓት ከሩብ አልፏል፤ ደንበኛ ከውጭ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነው ዘጉ?» እያለ በሩን ይደበድባል። የተሠራውን ፈታችውና ክሩን መልሳ ጠቀለለችው። ለአውሮፕላኑ ነዋ።

ረቡዕ ጠዋት የረጅም መንገድ ሹፌር የሆነው የቁጥሬ አባት ማክሰኞ ማታ ከጉዞ ገብቶ ስለነበር ራሱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወሰዳቸው። አሥራ አምስት ሰዓት የሚለውን ሲሰማ «እኔ በየሳምንቱ የምነዳው አይደል እንዴ!» ብሎ ለማቃለል ሞከረና ሁለቱም ዐይናቸውን ሲያፈጡበት ዝም አለ። ኪሮሹን ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ ቁጥሬ አስቀድማ ደውላ ጠይቃለች፤ በግምት የሚሠራ ነገር ሰልችቷታል።

በመስታወቱ በር ላይ እናቷ ግንባሯን ሳመቻት። ካርቶኗ ከኮቷ ኪስ ብቅ ብላ ትታያለች።

«እፈራለሁ» አለቻት በጆሮዋ። «ግን ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። አመሰግንሻለሁ፣ ቁጥሬ።»

ከዚያ ገባች። ከበሩ ወዲያ ሆና ኪሮሹን ከፍ አድርጋ አወዛወዘችላቸው።

ሐሙስ ጠዋት ቁጥሬ ገና ዐይኗን ሳትገልጥ ስልኳ ጮኸ። ፎቶ ነው። አክስቷ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከስታለች፣ ግን ጥርሷ ሁሉ ይታያል። የለበሰችው ወይን ጠጅ ሹራብ ነው። አንገትጌ የለውም፤ ከአንገቱ ላይ አንድ ረጅም ክር እንደተንጠለጠለ ነው። አጠገቧ እናቷ ካርቶኗን ይዛለች፤ ሁሉም ሣጥኖች ተሰርዘዋል፣ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። ከፎቶው ሥር የድምፅ መልእክት አለ።

«ቁጥሬ! ምን ዓይነት ሂሳብ ነው የምታውቂው አንቺ?» ይላል የእናቷ ድምፅ፣ ሳቅ በሳቅ ሆኖ። «አርባ ደቂቃ ቀድመን አረፍን! እኔ ደግሞ ሰዓት ሳላይ ስሠራ እንቅልፍ ይዞኝ አይሄድ መሰለሽ? በአውሮፕላን ውስጥ ተኛሁ እኮ! አንገትጌውን ሳልሠራው ‹ውረዱ› አሉን። ‹ትንሽ ታገሡኝ› ልላቸው ምንም አልቀረኝ!»

ከዚያ የአክስቷ ድምፅ መጣ፣ ደከም ያለ። «የእህቴ ልጅ… አመጣሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ልግባ፣ ምንም አይመስለኝም።»

ቁጥሬ መልእክቱን አራት ጊዜ ሰማችው። ትምህርት ቤት ስትደርስ ለሬዲዮ አሰማቻት። ሬዲዮ አፏን ይዛ «ነገርሻት እንዴ?» አለች፤ ከዚያም እሷም ደግማ ሰማችው። «እናትሽ እላይ ላይ በፍርሃት ትሙት ብዬ ነው የመከርኩሽ ማለት ነው፣ አይደል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ለአክስቴ ብለሽ ነው የመከርሽኝ» አለቻት ቁጥሬ። «እኔም ልሰማሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ቅዳሜ ማለዳ እናቷ ደወለች። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አልቋል። እታለም ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ሹራቧን ነው።

«ልትገባ ስትል ዶክተሩን ያዝኩት» አለች እናት። «‹ስንት ሰዓት ይፈጃል? እንዳታሳንስብኝ፣ ቁርጡን ንገረኝ› አልኩት። የአክስትሽ ልጅ አስተረጎመልኝ። ‹ስድስት› አለኝ። ስድስት ከሆነ ብዬ ቁጭ አልኩና አንገትጌውን ጨረስኩት። በተረፈው ሰዓት ምን እንደሠራሁ ታውቂያለሽ? ላንቺ ኮፍያ። ስመጣ ታደርጊዋለሽ።»

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ትኬቱን ልኬልሻለሁ። በዚህኛው ላይ ሁሉም ነገር አለ፣ አልተቆረጠም። ግን አንቺው አስዪልኝ፣ ካርቶኔንም አዘጋጂልኝ።»

ቁጥሬ ስልኩን ዘግታ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደች። በሩን ከፈተች፣ ካውያውን ደገፈችበት። ከአንገትጌ ካርቶኖቹ አንዷን መርጣ ትኬቱን አየች። መነሻ 20:00። መድረሻ በማግሥቱ 18:00። ሲቀነስ ሃያ ሁለት። ብቻዋን ሳቀች። አሁን መንገዱ ወደ እዚህ ነውና ስምንቱን አነሳችለት፤ አሥራ አራት። ለማረጋገጥ ከትኬቱ ግርጌ ያለውን አነበበች፤ አሥራ አራት ይላል። ሜትሯን አውጥታ እንደገና ልትለካ አሰበችና ሉሉ ትምህርት ቤት መሆኑ ትዝ አላት። ሲመለሱ ለምን አንድ ሰዓት እንደሚያንስ ሰኞ ቲቸርን እጠይቀዋለሁ፣ አለች።

አሥራ አራት ሣጥን በጥንቃቄ ሳለች። እርሳሱን ልታስቀምጥ ስትል አርባ ደቂቃዋ ትዝ አለቻት። እንደገና አነሳችውና ከሣጥኖቹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል፣ እማ። ትርፍ ክር ያዢ።»